ሁለት ተቀባይ ያለው ደብዳቤ

ኅዳር 6 ቀን

ለእኅቴ ልጅ፣ በልጅነቷ «ለምን?» ብላ ብላ ስሟን ላስረሳችን፣ ለውድ ለምን፤

ጤናሽ የምላስሽን ያህል ይርዘም። እኔ ደህና ነኝ። ሱቁም ደህና ነው። ጎረቤቶቼም እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ አላባረሩኝም።

ሰላምታው ካበቃ ወደ ክሴ ልግባ። ፖስታሽን በምን ሙጫ ነው የምታሽጊው? የጫማ ሶል የሚለጠፍበት ነው ወይስ እዚያ ቤተ ሙከራችሁ ውስጥ አዲስ የፈለሰፋችሁት ነገር አለ? ያለፈውን ለመክፈት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። በጣቴ ብል እምቢ፣ በማንኪያ እጀታ ብል እምቢ፣ በመጨረሻ በጥርሴ ገባሁበት። በዚህ ምክንያት የሁለተኛው ገጽ አናት አሁን ሆዴ ውስጥ ነው። «ጋሽዬ፣ የምሠራው ሥራ» ይላል፤ ከዚያ የጥርሴ ቅርጽ አለ፤ ከዚያ «ነርቭ ሴል ላይ ያለ ተቀባይ» ብሎ ይቀጥላል። መሃሉን በልቼዋለሁ፤ ጨው ይጎድለዋል።

ተቀባይ የሚለውን ሳይ ግን ጉድ አልኩ። ያን ሁሉ ዓመት ተምራ ተምራ ፖስታ ቤት ገባች! እዚህ ያለውን ተቀባይ እንደሆነ እኔ አሳምሬ አውቀዋለሁ። ፖስታው ላይ «ላኪ» የሚል መስመር አለ፣ «ተቀባይ» የሚል መስመር አለ፣ በሁለቱ መሃል ደግሞ መስኮት ሁለት ላይ የተቀመጠው አቶ ደንቡ አለ። ታስታውሺዋለሽ፤ አንድ ነገር በጠየቅሽው ቁጥር «ደንቡ አይፈቅድም» የሚለው ሰውዬ። የመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ሁሉ ከእኔ እጅ የወጣ ነው። እኔው በቀረጽኩት ማኅተም ነው እኔኑ የሚያንገላታኝ። አሁን ደግሞ አዲስ የቀን ማኅተም አዞኝ «መቼ ያልቃል?» እያለ ይነዘንዘኛል። ጥበብ አይቸኮልም ብዬ መለስኩት።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። እጀታው ወፈር ያለ ወረንጦ፣ እንዲሁም እንደ አውራ ጣት የወፈረ ብዕር ካገኘሽ ላኪልኝ። እዚህ ያለው ሁሉ ለመርፌ የተሠራ ይመስል ቀጭን ነው።

ሌላ ወሬ የለም። አዎ፣ በመስከረም መጨረሻ የሱቁን በር ነፋስ መትቶት መስታወቱ ተሰበረ፤ እኔንም የእጄ አንጓ ላይ ጫር አደረገኝ። ጤና ጣቢያ ሰፉልኝ፤ ድኗል። በሩ አሁን ቆርቆሮ ነው። ሰው ሲያንኳኳ ከበሮ ቤት የምኖር ይመስለኛል።

ጽሕፈቴ ከተንጋደደ የጠረጴዛው እግር ስለሚነቃነቅ ነው።

የሙጫሽ ተበዳይ፣
አጎትሽ


ኅዳር 25 ቀን

ለምወድህና ለማልፈራህ ለጋሽዬ፤

ሳቅህ አይድረቅብህ፤ ጥርስህም ለፖስታ ሳይሆን ለእህል ይቆይልህ። እኔ ደህና ነኝ። ብርዱ ገብቷል፤ ለምጄዋለሁ ብዬ ልዋሽህ።

ሙጫው እኮ ፖስታው ላይ አብሮት የመጣው ነው፤ በምላሴ ነው የማረጥበው። እስካሁን ማንም አልከሰሰኝም።

የበላኸውን ገጽ ልድገምልህ። የምሠራበት ክፍል መስኮት የለውም። ሙቀቱ የሰው ሰውነት ያህል የሆነ ቁም ሣጥን አለ፣ አጉሊ መነጽር አለ፣ ቀኑን ሙሉ የሚያጉረመርም ማቀዝቀዣ አለ። ቁም ሣጥኑ ውስጥ በመዳፍ በሚያዙ ሳህኖች ላይ ነርቭ ሴሎች አሳድጋለሁ።

የጣትህን ወሬ የሚያመጣልህ ነርቭ ሴል አካሉ አከርካሪህ አጠገብ ተቀምጧል፤ እጁ ግን እስከ ጣትህ ጫፍ ይደርሳል። አካሉን የሰው ጭንቅላት ያህል ብናደርገው እጁ ሦስት ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሦስት ኪሎ ሜትር ርቆ ባለው ጫፍ ላይ የሚፈልገው መኖሩን በምን ያውቃል? ቆዳው ጥቂት፣ እጅግ በጣም ጥቂት የዕድገት ንጥረ ነገር ያመነጫል። እዚህ ስንቀልድ «ምግብ» እንለዋለን እንጂ ምግብ አይደለም፤ መልእክት ነው። «እዚህ አለሁ፣ ትፈለጋለህ» የሚል።

ያን መልእክት የሚጠብቁት ናቸው ተቀባዮቹ። በነርቩ ሽፋን ላይ ተተክለው ግማሽ ገላቸው ውጭ፣ ግማሹ ውስጥ ነው፤ አንድ እግሩን ደጅ አንድ እግሩን ቤት አድርጎ ደፍ ላይ እንደቆመ ሰው። አንድ ተቀባይ ብቻውን ምንም አያደርግም። መልእክቱ መጥቶ ሁለቱን ሲያገጣጥማቸው ግን፣ በውስጥ በኩል አንዱ በሌላው ላይ ምልክት ይመታል። ይህን የምነግረው ለማኅተም ቀራጭ ስለሆነ ደስ ይለኛል፤ ማኅተም ነው በለው። ራሱን በራሱ የሚያትም የለም። አንተ እኔን፣ እኔ አንተን።

ከዚያ የሚሆነው ነገር ነው እኔን እዚህ ያስቀረኝ። ሽፋኑ ወደ ውስጥ ይሰረጉድና መልእክቱን ከነተቀባዮቹ በትንሽ ከረጢት ይጠቀልላቸዋል። ከረጢቱ ሐዲድ በመሰለ ነገር ላይ ያን ሁሉ መንገድ ወደ አካሉ ይጓዛል። ደብዳቤው ብቻውን አይሄድም፤ የፈረሙለት ሁለቱም አብረውት ይሄዳሉ። ሲደርሱ አካሉ «እንግዲያው ልኑር፣ ልደግ» ይላል።

ሳህኖቼ ላይ ያሉት ገና ለጋ ናቸው። መልእክቱን ሰኞ ጠዋት ከወሰድኩባቸው ረቡዕ እጃቸው ክሩ እንደተበጠሰ ዶቃ ሆኖ አገኘዋለሁ። ያደጉት ግን በቶሎ አይሞቱም። እንዳንተ ግትር ናቸው።

ወረንጦውንና ብዕሩን በአደራ ደብዳቤ ልኬልሃለሁ፤ ፈርመህ ትወስዳለህ። ግን ወፍራም ለምን? ያ ጫር ያደረገህስ የትኛውን እጅህን ነው?

ስሟን የረሳችሁባት፣
ለምን


ታኅሣሥ 22 ቀን

ለውድ ለምን፤

ደጅሽ በደግ ሰው ይንኳኳ፤ ሳህኖችሽም ዶቃቸው አይበተን። መልሴ ስለዘገየ አትቆጪ፤ ያንን ስለ ተቀባዮች የጻፍሽውን አራት ጊዜ አነበብኩት። አምስተኛውን ለጎረቤቴ ለልብስ ሰፊው አነበብኩለት። «ሁለቱ ተያይዘው ይታተማሉ» ስለው «ይሄማ ጋብቻ ነው» አለና መቀሱን አነሳ። ሞኝ አይደለም።

እኔ ያለ አስተማሪ ያነበብኩ ሰው ነኝ፤ በኪሎ የገዛሁት የሕክምና መጽሐፍ መሃሉ ለስኳር መጠቅለያ ስለዋለ ከጉበት በቀጥታ ወደ ጉልበት ነው የሚሻገረው። ነርቭ የሚባለው ምዕራፍ አልደረሰኝም። ስለዚህ አንድ ጥያቄ አለኝ። ለእኔ አይደለም። አንድ ወዳጅ አለኝ፤ አውራ ጣቱ፣ ሌባ ጣቱና የመሃል ጣቱ ደንዝዘዋል። ባለፈው ሳምንት ሸሚዝ ሲተኩስ ጣቱ ካውያው ላይ አርፎ ኖሯል። የነገረው ሽታው ነው። መጀመሪያ ጎረቤት ሥጋ የሚጠብስ መስሎት ምራቁን ውጦ ነበር፤ በኋላ ነው የራሱ መሆኑን ያወቀው። እና ያ «ምግብ» የምትሉት ነገር፣ ከማቀዝቀዣችሁ ጠብታ ያህል በፖስታ ብትልኪለት፣ ጣቱን ቢቀባው? ወዳጄ ሞኝ ቢሆንም ጥሩ ሰው ነው።

ወረንጦውን አላገኘሁትም። መጥቷል፤ መስኮት ሁለት ላይ ተቀምጧል። ፈረምኩ፤ አቶ ደንቡ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አወረደ።

«ይህ ፊርማ በመዝገባችን ካለው ጋር አይመሳሰልም።»

«ሰው አያረጅም እንዴ?»

«ሰው ያረጃል። ፊርማ አያረጅም።»

«ታዲያ እኔ ማን ነኝ?»

«እሱን የሚያውቅዎ ሰው ይመስክር። ከቤትዎ ሰው ይዘው ይምጡ።»

«ከቤቴ ሰው የለም።»

ይህን ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። ሃያ ዓመት እርስዎ እያለ ያመናጨቀኝ ሰው ነው፤ አንድ ነገር ሊል አስቦ የተወው መሰለኝ። «ደንቡ ደንብ ነው» አለና ወደሚቀጥለው ሰው ዞረ። ዓይኑ ደክሟል ማለት ነው፤ ፊርማዬማ ያው ነው።

ከእሱ የባሰ አለ ብለሽ ነው? አምና በሁለት ወንድማማቾች ስም አንድ አደራ ደብዳቤ መጣ። ሰዎቹ ተኳርፈዋል። አንደኛው ሲመጣ «ተቀባይ ሁለት ነው፤ ሁለታችሁም ካልፈረማችሁ አልሰጥም» ብሎ መለሰው። ሌላኛው ሲመጣም እንደዚያው። ሦስት ወር አስቀምጦ በመጨረሻ ሁለቱም ፊታቸውን አጥቁረው አብረው መጥተው ፈረሙ። ሲወጡ ይጨቃጨቁ ነበር። መጨቃጨቅ ከኩርፊያ መቼም ይሻላል።

ስለ ጠብታው አትርሺ። ለወዳጄ።

አጎትሽ


ጥር 10 ቀን

ጋሽዬ፤

ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ። ፈጣሪ ይጠብቅህ፤ አንተ ራስህን እየጠበቅህ አይደለምና።

ልብስ ሰፊው ስልክ ላይ አራት ጊዜ ደወልኩ። አራቱንም ጊዜ «አሁን ወጣ» አለኝ፤ በአራተኛው ከኋላው ስታስል ሰማሁህ።

ባለፈው ደብዳቤህ «ለውድ ለምን» ብለህ ስትጀምር የመጨረሻዋን «ን» ገልብጠሃታል። ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች። አንዷ ብቻ ናት፤ ሌሎቹን ተጠንቅቀህ አቅንተሃቸዋል። ልጅ ሆኜ ሱቅህ ወለል ላይ ተቀምጬ ጎማው ላይ ፊደል ስትቀርጽ «ለምን ገልብጠህ ትጽፋለህ?» ብዬ ጠይቄህ ነበር። «ማኅተም ሲመታ ይቃናል፤ ግራ እጄማ ከነጭራሹ ካልገለበጠ መጻፍ አያውቅም» ብለህ በሁለት እጅህ በአንድ ጊዜ ስሜን ጻፍክልኝ፤ በቀኝህ ቀጥ አድርገህ፣ በግራህ ገልብጠህ። ግድግዳህ ላይ እስካሁን አለ አይደል?

በግራ እጅህ ነው የምትጽፍልኝ። ጠረጴዛው አይነቃነቅም። ሙጫዬም ጥፋት የለበትም። ወዳጅህንም አውቀዋለሁ።

ወዳጅህ እጁን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይንከር። ነርቭ ያለው ጣት ውሃ ውስጥ ሲቆይ ይጨማደዳል፤ ነርቩ የተቆረጠበት አይጨማደድም። የሆነውን ሳትጨምርና ሳትቀንስ ጻፍልኝ።

ጠብታውን አልልክም። ከክፋት አይደለም። ያ ንጥረ ነገር የትም ቢፈስ የሚሠራ ቅባት አይደለም፤ የሚሠራው ተቀባይ ባለበት ነው፤ ያንተ ተቀባዮች ደግሞ አንጓህ ላይ ከተቆረጠው ጫፍ ወዲያ አልተሻገሩም። ደግሞም ነርቭ የሚያኖረው ይኸው ነገር በሰው ገላ ሲወጋ ብርቱ ሕመም ያመጣል። ይህ ተቀባያቸው ከተፈጥሮ የማይሠራ ሰዎች አሉ፤ ሕመም የሚባል ነገር አያውቁም። ደስታ እንዳይመስልህ። ምላሳቸውን ነክሰው ደሙን ሲያዩ ነው የሚያውቁት። ካውያ ላይ እጃቸውን ያሳርፋሉ።

መስታወቱ የቆረጠው ቆዳህን ብቻ አልነበረም። ጤና ጣቢያ የሰፉት ግን ቆዳውን ብቻ ነው። ከላይ ያለው ጫፍ ማደግ ይፈልጋል፤ ከታች ያለው ባዶ መንገድ ደግሞ «በዚህ በኩል» እያለ ያንኑ የዕድገት መልእክት እያፈሰሰ ይጠራዋል። በሁለቱ መሃል ግን ክፍተት አለ፤ ጠባሳ አለ። ጠሪውም ለዘላለም አይጣራም። ወራት ሲያልፉ ድምፁ ይደክማል፤ ከዚያ ቢሰፋም የሚሰማ ይጠፋል። ስፌት የምታውቅ የነርቭ ሐኪም አለች፤ ከአንተ በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ነው። አድራሻዋ ከዚህ ጋር አለ። ሂድ።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ይህ መልእክት ተሠርቶ ሳያልቅ፣ ጎደሎ ሆኖ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ የሚይዘው ሌላ ዓይነት ተቀባይ ነው፤ ትእዛዙም «ኑር» ሳይሆን «ሙት» ይሆናል። ግማሽ ደብዳቤ አትላክልኝ።

ለምን


ጥር 28 ቀን

ለውድ ለምን (አቅንቼሻለሁ፤ እዪው)፤

ዕድሜሽ ይባረክ፤ ዓይንሽ ግን ትንሽ ይፍዘዝ፤ ከአጎት ጋር ለመኖር አይመችም።

ነከርኩ። ትንሿ ጣቴና ጎረቤቷ እንደ መቶ ዓመት ባልቴት ተጨማደዱ። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና የመሃል ጣት እንደ ተወለዱ ቀን ለስልሰው ወጡ። ስንት ዓመት ወጣትነቴን ስመኝ ኖሬ በሦስት ጣት ብቻ ተመለሰልኝ።

ከዚያ ለብዙ ሰዓት ምንም አልሠራሁም። ቀድሞም እየሠራሁ አልነበረም፣ እውነቱን ከፈለግሽ። ከጥቅምት ወዲህ አንድ ማኅተም አልቀረጽኩም። የአቶ ደንቡ የቀን ማኅተም «ጥበብ አይቸኮልም» የሚባለው ግማሹ ላይ ቆሟል። ስለቱን ስይዘው መያዜን የማውቀው በዓይኔ ነው። ዓይኔን ካነሳሁ ይወድቃል።

ሐኪሟ ዘንድ ሄድኩ። ዕድሜዋ የአንቺ ነው፣ ቁጣዋም የአንቺ። ክፍተቱ ሰፊ ስለሆነ ከእግሬ የነርቭ ቁራጭ ወስጄ እቀጥላለሁ አለች፤ የእግርህ ጠርዝ ይደነዝዛል አለች። «ግድ የለም፣ እግሬ ደብዳቤ አይጽፍም» አልኳት። አልሳቀችም። ስድስት ወር ሳይሞላው አለች። ከዚያ አንድ ወረቀት አወጣች፤ አብሮኝ የሚፈርም፣ እዚያ የሚያድር፣ ከዚያም በኋላ እጄ ታስሮ በሚቆይበት ሦስት ሳምንት የሚረዳኝ ሰው ስሙን ይጻፍ ትላለች። እኅቴ፣ እናትሽ፣ ብትኖር ኖሮ ሁለት ጊዜ ሰድባኝ ትፈርም ነበር። ልብስ ሰፊው ሰባት ቤተሰብ አለው። ሌላ ማን ልጥራ? መስመሩን ባዶ ትቼ ወጣሁ።

ሙሉውን ጻፍ ስላልሽኝ ሙሉውን ልጻፍልሽ። ሰበቡ ወረቀቱ ብቻ አይደለም። አሁን «ቢሰፋ ኖሮ ይድን ነበር» እላለሁ። ይህቺ «ኖሮ» የእኔ ናት፣ ማንም አይወስድብኝም። ተሰፍቶ ካልበቀለስ? ያን ጊዜ ምን ልበል?

እንዳትመጪ። ሥራሽን ትተሽ ብትመጪ በሩን አልከፍትልሽም።

አጎትሽ


የካቲት 15 ቀን

ለጋሽዬ፤

ሙሉ ደብዳቤ ስለላክህልኝ እጅህ ይባረክ፤ ግራውም ቀኙም።

እኔም ግማሽ እየጻፍኩ ነበር የምልክልህ። ከጥር ወዲህ ለመምጣት ሁለት ጊዜ ጠይቄ ነበር። የመኖሪያ ወረቀቴ እድሳት ላይ ነው፤ አሁን ከወጣሽ ለመመለስሽ ዋስትና አንሰጥም አሉኝ። ሻንጣዬ ግማሹ ታጥፎ አልጋው ሥር አለ። አንተ በሩን አልከፍትም ስትል ቀልድህ ነው፤ እኔ ግን በሩ ድረስ መምጣት አልችልም። አልቅሼ ጨርሻለሁ፤ አንተ አትጀምር።

ለሐኪሟ ደውዬላት ነበር፤ መጋቢት 10፣ ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ቀጠሮ ይዛልሃለች። ከዚያ በኋላ ያለው ባዶ ቀን ከሁለት ወር በላይ ይርቃል። ስድስት ወርህ ግን መጋቢት መጨረሻ ላይ ይሞላል።

ማስመሪያህን አውጣ። ከአንጓህ እስከ ሌባ ጣትህ ጫፍ ለካ። አሥራ ስምንት ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ነርቭ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይጓዛል። ግማሽ ዓመት ነው። «ካልበቀለስ» ላልከው፣ አይበቅልም ማለት እችላለሁ፣ ይበቅላል ማለትም እችላለሁ፤ ሁለቱንም አይቻለሁ። ሳይሰፋ ሲበቅል ግን አላየሁም።

የባዶው መስመር ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ጫፉ ላይ ብቻውን ስለቆመ ተቀባይ ነግሬህ ነበር፤ መልእክቱ ከጎኑ ቢያልፍ እንኳ ብቻውን ምንም አያደርግም። ሌላ ተቀባይ የግድ ዘመዱ መሆን የለበትም። ቅርብ መሆኑ ይበቃል። ስለዚህ ከዚህ ጋር በአንድ ቀን ሌላ አደራ ደብዳቤ ልኬያለሁ። ምን እንዳለበት አልነግርህም። ሙጫው ግን በዚህኛው እውነተኛ የጫማ ሙጫ ነው፤ ለብቻህ እንዳትከፍተው።

ለምን


መጋቢት 8 ቀን፣ እሑድ

ለውድ ለምን፤

ሻንጣሽ ለደስታ ቀን ይታጠፍ። ደብዳቤሽ ሐሙስ ደረሰኝ። ሌላው አደራ ደብዳቤ ያልሽው ግን አልመጣም። ዓርብ መስኮት ሁለት ሄጄ «ለእኔ የመጣ አለ?» ስለው የአቶ ደንቡ ፊት ቀላ። «አለ። ግን ገና አልተሟላም» አለኝ። ምኑ ነው ያልተሟላው ብለው «ደንቡን እያነበብኩ ነው» ብሎ መስኮቱን ዘጋብኝ፤ የምሳ ሰዓት ሳይደርስ! እንዲህ አድርጎ አያውቅም።

ማስመሪያውን አወጣሁ። አሥራ ሰባት ሳንቲ ሜትር ከግማሽ ነው። አምስት ቀን አተረፍሽ።

እንግዲህ አትቆጪኝ። አስቤበታለሁ። ነገ የጠዋቱን አውቶቡስ አልሳፈርም። በግራ እጅ መኖር ይቻላል፤ ይኸው እየጻፍኩልሽ ነው፣ «ን» እንኳ አልተገለበጠችም። ቁልፍ መቆለፍ ለምጃለሁ። ማኅተሙን ለሌላ ቀራጭ እሰጣለሁ፤ ለአቶ ደንቡም እነግረዋለሁ፤ ሰውዬው ሃያ ዓመት ሙሉ የእኔን ማኅተም ሲመታ ስለኖረ ትንሽ ይከፋው ይሆናል እንጂ ይረሳዋል። አንቺም ትረሽዋለሽ። ጣት አሥር የተደረገውም ጥቂት ቢጎድል እንዲበቃ ነው። ባዶ መስመር ላይ ስም ልለምን የጎረቤቱን በር ሁሉ ከማንኳኳ…

ቆይ። በሩን የሚደበድበው ሰው አለ። ይህ ቆርቆሮ ሰው ያደነቁራል።

«ዝግ ነው!» አልኩ።

«ዝግ መሆኑን አያለሁ። ይከፈት።»

ድምፁን ታውቂዋለሽ። በቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳ አየሁ። አቶ ደንቡ ነው፤ ያለ ከረባት። አንድ ፖስታ ደረቱ ላይ ይዟል፤ በብብቱ የቀለም መርገጫ፣ በሌላው እጁ ቦርሳ አለ። የሚለውን እየሰማሁ ነው የምጽፍልሽ፤ እጄ አልታዘዝም ብሎ ፊደሉ ሁሉ እየዞረ ነው፤ በመስታወት አንብቢው።

«እሑድ ነው፤ ፖስታ ቤት ዝግ ነው» አልኩት።

«ለዚያ ነው የመጣሁት። በሥራ ቀን መስኮት መተው አይፈቀድም።»

«ማኅተምህ አላለቀም።»

«ለማኅተሙ አይደለም። አደራ ደብዳቤ አለ። ‹ተቀባይ፦ ማኅተም ቀራጩ እና የመስኮት ሁለት ሠራተኛ› ይላል። ሁለት ነን። እኔ ፈርሜያለሁ፤ ያንተ ቀርቷል።»

አንተ አለኝ! ሃያ ዓመት እርስዎ ሲለኝ የኖረው ሰውዬ።

«ፊርማዬ አይመሳሰልም ብለህ የለም?»

«አሻራ ይቻላል፤ አንቀጽ አለው። ለአሻራ የሚያውቅህ ምስክር ያስፈልጋል። በሥራ ሰዓት ሠራተኛ ምስክር መሆን አይችልም።» ቦርሳውን ደፉ ላይ አስቀመጠ። «ዛሬ ሠራተኛ አይደለሁም።»

«ቦርሳውስ?»

«ፖስታው ጀርባ ላይ ‹ሲከፈት ሁለቱ ተቀባዮች አብረው ይሄዳሉ› ተብሎ ተጽፏል። ወዴት እንደሆነ አይገልጽም፤ ስለዚህ ቅያሪ ልብስ ያዝኩ። ከነገ ጀምሮ የዓመት ዕረፍት ወስጃለሁ። የአሥራ አንድ ዓመት ተጠራቅሞልኛል፤ የት እንደማደርገው ጨንቆኝ ነበር።»

ቆርቆሮውን በአንድ ጣቱ ብቻ፣ ቀስ ብሎ፣ ሰው እንደሚያንኳኳ አንኳኳው።

«የእጅህን ነገር ካወቅሁ ቆይቷል» አለ። «ያን ቀን እንደጠየቅኸኝ እኔስ ‹ማን ነኝ?› ብዬ ልጠይቅህ? እኔም ከቤቴ ሰው የለም። በል ክፈት፤ ቀለሙ ይደርቃል።»

የትኛውን ጣት ነው የምትፈልገው ብዬ ጮህኩ።

«ቀኝ አውራ ጣት። ደንቡ ነው።»

ልከፍት ነው።